ምርኩዝ ሌሊትም ያገለግላል፤ ሃሞክን ስለሚወጥሩ የተራራ ዘንጎች

ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በናይቫሻ ሐይቅ ዳር የሚያድር የእግር ተጓዥ፥ ቀን የሎንጎኖትን ተራራ እስከ 2,776 ሜትር ከፍታው ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱን የደገፉለትን ሁለት ምርኩዞች ማታ ከጓዙ መካከል ጥሎ ሲተኛ ባየሁ ቁጥር፥ የአገልግሎታቸው እኩሌታ እንደ ባከነ ይሰማኛል፤ እነዚያው ምርኩዞች፥ ሥርዓቱን ለሚያውቅ ሰው፥ የሃሞክን ራስጌና ግርጌ ወጥረው ሌሊቱን ሙሉ አካሉን ሊያሳርፉለት ይችላሉና።

ስለ ሃሞክ ብዙ ማተት አያስፈልግም፤ የካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ሲተኙበት የኖሩት፥ የኮሎምበስ መርከበኞችም እ.ኤ.አ. በ1492 አይተው ወደ አውሮፓ ያሻገሩት፥ በሁለት ዛፎች መካከል የሚንጠለጠል አልጋ ነው። ተራው ሃሞክ ሁለት ጫፉ ተሰብስቦ ስለሚታሰር ወገብን ያጎብጣል፤ ሰያፍ ተኝቶ ጥቂት ማቃናት ቢቻልም፥ በጠፍር አልጋ ላይ ያደገ የሀገራችን ሰው ጀርባው ቀጥ ብሎ ካላረፈ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን መጉበጥ ለማስቀረት በራስጌውና በግርጌው አግዳሚ ዘንግ ገብቶ የሚወጥረው፥ ተጓዦች የድልድይ ሃሞክ የሚሉት ዓይነት ተሠራ። ዘንጉን ለብቻው ገዝቶ መሸከም ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሁለት ምርኩዝ ለያዘ ሰው ይህ ትርፍ ሸክም ነው።

ይህንን ስናገር ከብዙዎች የምሰማው ተቃውሞ፥ «ያ ቀጭን ዘንግ የሰውን ክብደት እንዴት ይችላል?» የሚል ነው። መልሱ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ አይርቅም። ሊቃውንቱ በማኅሌት ሌሊቱን ቆመው ሲያድሩ የሚደገፉት መቋሚያ ቀጭን እንጨት ሆኖ ሳለ፥ ክብደቱን ከራሱ እስከ እግሩ በቁመቱ ስለሚቀበል አይሰበርም፤ ያንኑ መቋሚያ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድሞ ከመካከሉ የሚቀመጥበት ሰው ቢኖር ግን ይሰብረዋል። የሃሞክ መወጠሪያም እንዲሁ ነው፤ ሰው አይተኛበትም፥ ከወገቡም ላይ የሚንጠለጠል ነገር የለም፤ ገመዶቹና የጨርቁ ጠርዞች ከሁለት ጫፎቹ ወደ ውስጥ ይገፉታል እንጂ።

የዚህ ግፊት ብርታት የሚለካው በተኚው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ከዘንጉ ሁለት ጫፎች ተነሥተው ወደ ዛፉ በሚሄደው ማሰሪያ ላይ በሚገናኙት በሁለቱ ገመዶች ርዝመት ነው፤ ይህንንም ደጋግሜ ብናገር አልሰለችም። ማሰሪያው ከዛፉ ወደ ሃሞኩ 30 ዲግሪ አዘቅዝቆ የተወጠረለት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እያንዳንዱን ዛፍ በ70 ኪሎ ያህል ኃይል ይስባል። ዘንጉ አንድ ሜትር ሆኖ ሁለቱ ገመዶችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሜትር ቢሆኑ፥ በእነርሱ ምክንያት ዘንጉን የሚጨምቀው ኃይል 20 ኪሎ ያህል ነው፤ ገመዶቹ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢያጥሩ ግን ያው ኃይል ከ50 ኪሎ ያልፋል። የሰውየው ክብደት አልጨመረም፥ ዘንጉም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዘኑ ብቻ ነው። ሃሞኩ እንዳይረግብ ብሎ ማሰሪያውን አጥብቆ ወደ 15 ዲግሪ ያደረሰ ሰው ደግሞ በዛፉ ላይ ያለውን ስበት ወደ እጥፍ ያቃርበዋል፤ የዘንጉም ጭነት በዚያው ልክ ያድጋል።

ከናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር የመጣ አንድ ወጣት የሀገሬ ልጅ፥ ከመካከሉ የጎበጠ ምርኩዝ ይዞ ሻጩን ሲያማርር በዚያው ሐይቅ ዳር አገኘሁት። ገመዶቹን ብመለከት ከአንድ ክንድ እምብዛም አያልፉም ነበር።

«ጋሼ፥ ባሳጥረው የሚጠነክር መስሎኝ ነው» አለኝ።

«ልጄ፥ ማሳጠርህ ነው ያጎበጠብህ፤ ዕቃው ምን በደለ?» አልሁትና፥ ከእኔ ዘንድ ረዘም ያለ ገመድና ሌላ ምርኩዝ ሰጥቼው አብረን አሰርነው፤ እስኪነጋም ተኛበት። ስሕተቱ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ እንጂ ባላነሣሁት፤ ሁሉም ማጠርን ከመጽናት ጋር ያዛምደዋል።

በዘንጉ በራሱ ላይ ግን ማጠር በእውነት ብርታት ነው። ቀጭን ዘንግ በቁመቱ ሲጨመቅ የሚጎብጥበት ጭነት ርዝመቱ ሲያጥር በእጅጉ ከፍ ይላል፤ በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት የሆነ ዘንግ በግማሽ ቢያጥር አራት እጥፍ ይችላል። ስለዚህ ምርኩዙን ሃሞኩ ከሚፈልገው በላይ ማስረዘም አይገባም። አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ መቆለፊያዎቹ እንዳይንሸራተቱ መሬት ላይ አቁሞ በሙሉ ክብደት ተጭኖ መፈተን ግድ ነው። አሉሚኒየሙ ከመሰበሩ በፊት ጎብጦ ያስጠነቅቃል፤ ካርቦን ፋይበሩ ግን ቀላል ቢሆንም ሲሰበር በድንገት ነው፤ እኔ ለዚህ ሥራ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ። የሾለው የብረት ጫፍ ጨርቁን እንዳይቀድ የጎማ ቆቡ አይውለቅ።

ዘንግ የገባበት ሃሞክ ሁሉ አይገለበጥም ማለትም አይደለም። ጨርቁ ከዘንጎቹ እኩል ሆኖ ከተወጠረ ተኚው በትንሽ መዞር ይወድቃል፤ አካሉ ከዘንጎቹ በታች ጠልቆ ሲያርፍ ግን ይረጋል።

ናይቫሻ ላይ ለማሰሪያ የሚገኘው ቅርፊቱ ቢጫ የሆነው ግራር ነው። ቅርፊቱን በጣት ቢያብሱት ቢጫ ዱቄት ይለቅቃል፤ ከሥሩም አረንጓዴ ሆኖ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ በመለወጥ ዛፉን ያግዛል፤ ስለዚህ ቀጭን ሲባጎ አስሮ ይህን ቅርፊት ማቁሰል ትልቅ በደል ነው፤ ሰፊ ማሰሪያ ይዞ መምጣት የተጓዡ ግዴታ ነው። ጉማሬዎች ሌሊት ሣር ለመጋጥ ከሐይቁ ስለሚወጡም፥ ዛፉ ምንም ቢያምር ከማደሪያው ሰፈር አጥር ውጭ አይታሰር።

ከመተኛት በፊት ከመሬት ከጉልበት ያልበለጠ ከፍታ ላይ ሰቅሎ፥ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መቀመጥና ዘንጎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ መመልከት ይገባል። ጥቂት እንኳ ጎብጠው ከታዩ፥ ተነሥቶ ገመዶቹን ማስረዘም እንጂ «እስኪነጋ ይችለኛል» ማለት አይገባም፤ በነጋው የሎንጎኖትን ቁልቁለት የሚያወርደው ያው ምርኩዝ ነውና።