ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ልትገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጓደኛዬ ያገለገለ ኤስዩቪ ሲገዛ ቀለሟን አየ፣ ጎማዋን አየ፣ ቀብድ ከፈለ። ካምቢዮዋን ግን ማንም አላየለትም። ወር ሳይሞላ የእንጦጦን ዳገት መውጣት አቃታት። የቤተሰብ ብር ነበር።

ራቭ ፎርም ይሁን ቪታራ፣ ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

1. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። አንዳንዱ ችግር በቀዝቃዛው፣ ሌላው ሲሞቅ ነው የሚታየው። ስለዚህ 30 ደቂቃ ያህል ንዷት፣ ዳገትም ውጡባት።

2. ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር አስገቡ። ከዘገየች ወይም "ጓ" ብላ ከመታች ተጠራጠሩ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረች ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው።

3. የካምቢዮ ዘይቱን አሳዩኝ በሉ። አዲሱ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ተዉት።

4. ኪሎሜትሩን ብቻ አትመኑ፤ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። "50,000 ብቻ ነው የሄደችው" ተብሎ የፍሬን ፔዳሉና መሪው አልቀው ከሆነ ነገር አለ።

ከገዛችሁ በኋላስ? ዘይቱን የመኪናዋ መመሪያ በሚለው ጊዜና ዓይነት ቀይሩ፤ የሲቪቲ ዘይት ከሌላው ይለያል። ዳገት ላይ ስታቆሙ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ፒ። ስትበላሽ ደግሞ በገመድ አታስጎትቷት። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕም ይቆማል፣ ውስጡ በደረቁ ይፋጫል። በጫኝ መኪና ውሰዷት።

በመጨረሻ፦ ደላላው ያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ለእሱ የምትከፍሉት ከካምቢዮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው።

መኪና ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።