የጃዝ ሸክላ እንዴት ይነበባል?

ሁለት ሸክላዎች አሉ እንበል። አልበሙ አንድ፣ ሽፋኑ አንድ፣ ተጫዋቾቹም አንድ። አንደኛው ኢንተርኔት ላይ በ25 ዶላር ይገኛል፤ ሁለተኛውን ሰዎች በጨረታ ተሻምተው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍሉበታል። ወዳጆቼ፣ ስለ አሮጌ የጃዝ ሸክላ በጠየቃችሁኝ ቁጥር ከዚህ የምጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ልዩነት ማንበብ የቻለ ሰው መግዛትም መሸጥም ይችላል፤ ያልቻለ ግን ወይ ሲገዛ ይታለላል፣ ወይ ሲሸጥ ውድ ዕቃውን በሳንቲም ይሰጣል።

ልዩነቱን ከዜማው ውስጥ አትፈልጉት። ጥያቄው ያ ሸክላ መቼ፣ የትና ከየትኛው ቅርጽ ታተመ የሚል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በቴፕ የተቀዳው ድምፅ በመቁረጫ ማሽን ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ከሰሌዳው የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ ብረቱ ደግሞ በጋለ ፕላስቲክ ላይ ተጭኖ ሸክላውን ያትማል። ቴፕ ያረጃል፣ የብረት ቅርጽም እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ ሙዚቃው ትኩስ ሳለ የታተመውና ከሃያ ዓመት በኋላ ከግልባጭ ላይ የታተመው እኩል አይሰሙም። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ቁጥራቸው ጥቂት መሆኑ ሲጨመርበት ዋጋው ይሰቀላል።

ይህን ለመማር ብሉ ኖት ከተባለው የጃዝ ሸክላ አሳታሚ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሻጭና ገዢ የሚግባቡት በእሱ ነውና።) ብሉ ኖት በ1939 ኒው ዮርክ ላይ ሲመሠረት ዋናው ሰው ከበርሊን የመጣው አልፍሬድ ላየን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፎቶ አንሺው ጓደኛው ፍራንሲስ ዎልፍም ከጀርመን ሸሽቶ ተቀላቀለው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አብዛኞቹን ሥራዎቻቸውን የቀዳላቸው ሩዲ ቫን ጌልደር ይባላል። ይህ ሰው ዓይን እየመረመረ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ ግን ኒው ጀርዚ፣ ሃከንሳክ ከተማ፣ የወላጆቹ ሳሎን ውስጥ ማይክሮፎን ይተክላል። የዚያ ዘመን ታላላቅ የጃዝ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው እዚያ ሳሎን ገብተዋል! የራሱን ስቱዲዮ ኢንግልዉድ ክሊፍስ ላይ የከፈተው በ1959 ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ቀድቶ ለሌላ አለማስረከቡ ነው፤ ሰሌዳውንም የሚቆርጠው ራሱ ነበርና ሥራው ላይ የስሙን ምልክት ያኖራል።

እንግዲህ ሸክላውን ወደ መብራት አዘንብሉት። ሙዚቃው ካለቀበት አንስቶ መሐል ላይ እስከተለጠፈው ክብ ወረቀት ድረስ ባዶ ቀለበት ታያላችሁ። ምስጢሩ ሁሉ እዚያ ነው። «አር.ቪ.ጂ.» የሚሉ ፊደላት፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ደግሞ «ቫን ጌልደር» የሚል ማህተም ካገኛችሁ፣ ሰሌዳውን የቆረጠው እሱ ነው። ቀጥሎ ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት ፈልጉ። ሰብሳቢዎች «ጆሮ» ይሏታል እንጂ በእጅ ጽሑፍ የተጻፈች ፊደል ናት፤ እስከ 1966 ድረስ ለብሉ ኖት ያትም የነበረው የፕላስቲላይት ፋብሪካ መለያ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የታተመውን አድራሻ አንብቡ። የቀደሙት «767 ሌክሲንግተን አቬኑ» ይላሉ፤ ከ1957 ወዲህ «47 ዌስት 63ኛ» ይመጣል፤ ከ1962 ግድም ጀምሮ ደግሞ መንገዱ ተትቶ «ኒው ዮርክ፣ ዩ.ኤስ.ኤ.» ብቻ ይቀራል።

እዚህች አድራሻ ላይ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚንጠለጠል ለማየት በቁጥር 1568 የሚታወቀውን የሀንክ ሞብሊን አልበም ውሰዱ። ሳክስፎኒስቱ በ1957 የቀዳው ነው። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያው እትም ነው የሚሉት ቅጂ የሁለቱ ገጾቹ አድራሻ የተለያየ ነው፤ በአንደኛው ወረቀት ላይ ከከተማው ስም ቀጥሎ 23 የሚል ቁጥር ተጨምሯል። በጨረታ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የወጣ ቅጂ አለ። ይህ ሁሉ ለሁለት አኃዝ!

ወጥመዱም እዚሁ ነው። ሊበርቲ የተባለው ኩባንያ ብሉ ኖትን ሲገዛ የተረፉትን የድሮ ወረቀቶች አልጣላቸውም፤ አዲስ ባሳተማቸው ሸክላዎች ላይ ለጠፋቸው። ስለዚህ ወረቀቱ «ኒው ዮርክ፣ ዩ.ኤስ.ኤ.» እያለ ቀለበቱ ላይ ግን ጆሮዋ የሌለችበት ሸክላ ሞልቷል። የ1950ዎቹን ወይም የ1960ዎቹን መጀመሪያ አልበም እንዲህ ሆኖ ስታገኙት የ1966 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ እትም ነው ማለት ነው። ሻጩ «የመጀመሪያ እትም» ብሎ የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ካሳያችሁ፣ የቀለበቱን ፎቶ እንዲልክላችሁ በትህትና ጠይቁ። ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅ ገዢ መጣልኝ ብሎ ይደሰታል።

ዝነኛ ሁሉ ውድ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በ1959 ኮሎምቢያ ከተባለው አሳታሚ ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሽጧል፤ ስለዚህ አብዛኛው ቅጂ ተራ ዋጋ ነው። ሰብሳቢው የሚያድነው የመጀመሪያዎቹን ነው፤ መሐሉ ወረቀት ላይ ስድስት ዓይን መሰል ምልክቶች ያሉባቸውን። ከእነዚህ ውስጥ የካነንቦል አደርሊ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት የታተመባቸው፣ በሁለተኛው ገጽ የሁለቱ ሙዚቃዎች ርዕስ ቦታ የተለዋወጠባቸው አሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን አንደኛው ቴፕ መቅጃ ከልኩ በዝግታ ይዞር ነበር፤ ከዚያ ቴፕ የተቆረጠው አንደኛው ገጽ ሲጫወት ታዲያ ድምፁ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ይላል። ዓለም ይህን ድንቅ ሥራ ከሰላሳ ዓመት በላይ ሲያዳምጥ የኖረው ከትክክለኛው ቃና ከፍ ብሎ ነው፤ በ1990ዎቹ በትክክል ከዞረው መጠባበቂያ ቴፕ እስኪታረም ድረስ። አሮጌውን እትም የሚወድ ሰው ስህተቱንም ጭምር ይወዳል። እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ።

አሁን ወደ ገበያው። ዲስኮግስ የተባለው ድረ ገጽ በ2000 ሲጀመር መዝገብ እንጂ ሱቅ አልነበረም፤ ሰዎች በእጃቸው ያለውን ሸክላ እትም በእትም እየለዩ የሚመዘግቡበት ነበር። ዛሬም ትልቁ ጥቅሙ መዝገብነቱ ነው። አንድ አልበም ብቻ ሃያና ሰላሳ የተለያየ እትም ሊኖረው ይችላልና፣ ስትሸጡ ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አመሳክራችሁ የራሳችሁን እትም ምረጡ። ዋጋ ስትተምኑ ሰው የጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቱ። ሚሊዮን መጥራት ለማንም ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ማን ከፈለ የሚለው ነው። ዲስኮግስም ኢቤይም ያለፈውን ሽያጭ ያሳያሉ፤ ፖፕሳይክ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ የቆዩ የጨረታ ውጤቶችን ሰብስቦ ይዟል። የእኔ ምክር፣ ዋጋው በደንብ የሚታወቀውን በቁርጥ ዋጋ አቅርቡት፤ እምብዛም ታይቶ የማይታወቀውን ለጨረታ ስጡት።

ከዚያ የይዞታ ደረጃ አለ፤ የዚህ ንግድ ልብ እሱ ነው። ገዢው ዕቃውን በእጁ ሳይነካ፣ በጆሮው ሳይሰማ ገንዘብ የሚልከው በእናንተ ቃል ተማምኖ ነው። መለኪያው ጎልድማይን ከተባለው የአሜሪካ መጽሔት የመጣ ነው፦ ከላይ «ሚንት»፣ ከዚያ «ኒር ሚንት»፣ «ቪጂ ፕላስ»፣ «ቪጂ»፣ «ጉድ» እያለ ይወርዳል። ጀማሪውን የሚያሳስተው የስሞቹ ቸርነት ነው፤ «ቪጂ» በእንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ»፣ «ጉድ» ደግሞ «ጥሩ» ማለት ነውና። «ቪጂ» የተባለ ሸክላ ጭረቱ በዓይን የሚታይ፣ ዝግ ባለው ቦታ ላይ የሚንኮሻኮሽ ነው፤ «ጉድ» ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጫጫታ አለበት። «ሚንት» የሚለውን ከነጭራሹ ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ ስልሳ ዓመት የኖረ ዕቃ እንከን የለውም ማለት ከባድ ቃል ነው።

ዓይን ብቻውን አይበቃም። በብርሃን ሥር የሚያስፈራ ስስ ጭረት ሲጫወት ድምፅ ላያሰማ ይችላል። በአንጻሩ እንደ መስታወት የሚያበራ ሸክላ፣ በድሮ ከባድ መርፌ ታርሶ፣ ትራምፔቱ ከፍ ሲል የሚሰነጠቅ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ውድ የሆነውን አጫውታችሁ ስሙ፤ የሰማችሁትን ጻፉ፦ «በሁለተኛው ገጽ፣ አንደኛው ሙዚቃ መግቢያ ላይ ስምንት ጊዜ ያህል ቀጭ ይላል»። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሻጭ ዋጋው ትንሽ ይቀንስበት ይሆናል፤ ገዢው ግን ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የእኛን ቤት በቀጥታ ይመለከታል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ አለማየሁ እሸቴን ቀዳና ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተመው። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ) ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል አልበሞችን አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን በ1972 ያወጣው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ወርዚ በተባለ ትንሽ አሳታሚ በኩል ነው። በዚያው ዓመት የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በፊሊፕስ ወጣ፤ በ1977 ደግሞ ዋልያስ ባንድ በካይፋ በኩል «ቸ በለው»ን አወጣ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ።

እነዚህ ዛሬ ለምን ብርቅ ሆኑ? ሲታተሙም ጥቂት ነበሩ፤ የታተሙትም በየቡና ቤቱ፣ በየሰርጉና በየሳሎኑ እስኪያልቁ ተጫውተዋል። ንጹሕ ቅጂ ማግኘት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ብሉ ኖት ቢሆን ማንም የማያነሳውን የተጫረ ባለ 45 ሰብሳቢ በደስታ ይገዛዋል። ፍላጎቱን ያቀጣጠለው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ያሳተማቸው፣ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተሰበሰበባቸው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጾች ናቸው። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነበር። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃውን ሲያስገባው ስለ አዲስ አበባ ምንም የማያውቅ ሰው ሁሉ መፈለግ ጀመረ።

ስለዚህ የእናታችሁ ቡፌ ሥር፣ ወይም የአጎታችሁ ሻንጣ ውስጥ የሸክላ ክምር ካለ፣ «ሁሉንም በጅምላ ልውሰድልህ» ለሚል ሰው አትቸኩሉ። አንድ በአንድ አውጡ፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ባዶውን ቀለበት አንብቡ። እናም እባካችሁ፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ከመሸጣችሁ በፊት ወደ ኮምፒዩተር ገልብጡት። ዳግም ታትሞ የወጣው ከዚያ ዘመን ሥራ ከፊሉ ብቻ ነው፤ የእናንተ ቅጂ ለጆሮ የሚበቃ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ሸክላው ለንደን ወይም ቶኪዮ ቢሄድ አልቃወምም፤ በእንክብካቤ ይያዛል። ድምፁ ግን እዚህ ይቅር። እግረ መንገዴን፦ ከባለ 45ዎቹ በፊት የነበሩትን በቀላሉ የሚሰበሩ ወፍራም ባለ 78 ሸክላዎች በፍጹም በአልኮል አትጥረጉ። የተሠሩበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

ስለ መላክ ብዙ አልልም። ሸክላውን ከካርቶን ሽፋኑ አውጥታችሁ ለብቻው በውስጥ ወረቀቱ ከጎኑ አስቀምጡት፤ ውስጥ እያለ ከተላከ በመንገድ ሲንገጫገጭ የሽፋኑን ስፌት ይቀደዋል። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል አጣብቁት። አሜሪካ ያላችሁ፣ በፖስታ ቤት «ሚዲያ ሜይል» የሚባለው ርካሽ መንገድ ለሸክላም ይፈቀዳል፤ አገር ውስጥ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ እንደ መጽሐፍ አቁሙት እንጂ አትደራርቡት፤ ከፀሐይም አርቁት።

በምን እንጀምር ለምትሉኝ፦ በሺህ ዶላሩ አትጀምሩ። ያ የሊበርቲ ዘመን እትም፣ ጆሮዋ የሌለችበት፣ ብዙ ጊዜ «ቫን ጌልደር» የሚለው ማህተም አለበት። ይህም ማለት የታተመው እሱ ራሱ ከቆረጠው ሰሌዳ ነው፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው እትም እጅግ ያነሰ ነው። አዲስ ከፈለጋችሁ ብሉ ኖት ከ2019 ጀምሮ «ቶን ፖኤት» በሚል ተከታታይ የሚያወጣቸውን ስሙ፤ ኬቨን ግሬይ ከመጀመሪያዎቹ ቴፖች የቆረጣቸው ናቸው። የተረፋችሁን ገንዘብ ለመርፌ አውሉት፤ ያረጀ መርፌ የገዛችሁትን ሸክላ በተጫወተ ቁጥር እያረሰ ደረጃውን ያወርደዋል።