የዓባይን በረሃ በአሮጌ ቮልስ መሻገር፦ ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራና ዳንግላ ለሚደረግ ጉዞ የቅድመ ዝግጅት ቅደም ተከተል

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል እንጅባራ የሚደርሰው አውራ ጎዳና 445 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ዳንግላ ደግሞ ከዚያ ወዲያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለዘመናዊ አውቶሞቢል ይህ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ያገለገለች ቮልስዋገንም ልትወጣው ትችላለች፤ ነገር ግን ከመነሣቷ በፊት ምን ሊደረግላት እንደሚገባ የሚወስነው ከኪሎ ሜትሩ ብዛት ይልቅ የዓባይ በረሃ ነው። ይህ ጽሑፍ ዝግጅቱ ከመንገዱ ቅርጽ እንዴት ሊቀዳ እንደሚችል ያብራራል።

በተለምዶ «ቮልስ» የምትባለው ይህች መኪና ለምሳሌነት የተመረጠችው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ዛሬም በሥራ ላይ ከሚታዩት ጥንታዊ አውቶሞቢሎች መካከል ይበልጥ የምትታወቀው እርሷ ናት። ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈለጉት ጥንታዊ የስፖርት መኪኖች አንዱ የሆነው ፖርሸ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር በአብዛኛው በቮልስ መለዋወጫዎች ላይ ተመሥርቶ ስለ ተሠራ፣ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የኋላ ሞተር የሚነገረው ለሁለቱም ያገለግላል።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን እንደ ዕድሜያቸው በከባድ ታክስ እንዲገቡ አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሞተሯ የተቃጠለ ወይም ገደል የገባች አሮጌ መኪና በሌላ ልትተካ የምትችልበት ዕድል ጠብቧል፤ የተሳፋሪዎቹ ሕይወትማ ምትክ የለውም።

የመንገዱ ቅርጽ

መንገዱ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪና በገርባ ጉራቻ አድርጎ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ በ2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይጓዛል። ከጎሃ ጽዮን በኋላ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ዓባይን የሚሻገረው በ1,100 ሜትር ከፍታ ግድም ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው። ከድልድዩ ማዶ እንደ ገና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ተወጥቶ ደጀን ይደረሳል። ከዚያ በኋላ ጎጃም በአመዛኙ ለጥ ያለ ደጋ ነው፤ እንጅባራ 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ።

እንግዲህ ጉዞው ሦስት ፈተናዎችን በተከታታይ ያቀርባል፤ ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ዳገቱ ሞተርን፣ የአዊ ደጋ ብርድ ደግሞ ባትሪንና ማቀጣጠያን ይፈትናል። የዝግጅቱም ቅደም ተከተል ይህንኑ ሊከተል ይገባል፤ መጀመሪያ ሰው ሊገድል የሚችለው፣ ቀጥሎ ሞተር ሊያጠፋ የሚችለው፣ በመጨረሻ ከመንገድ ሊያቆም ብቻ የሚችለው ይታያል።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

የቁልቁለቱ ክብደት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ሁለት ሰውና ጓዝ የጫነች ቮልስ 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። 1,400 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኃይል 13.7 ሜጋጁል ያህል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ የጎማ ሰበቃና የአየር ግፊያ በድምሩ 4 ሜጋጁል ገደማ ይወስዳሉ። የቀረው 10 ሜጋጁል ወደ ሙቀት ተለውጦ በፍሬን ወይም በሞተር በኩል መውጣት አለበት። አራቱ የፍሬን ታምቡሮች በድምሩ 20 ኪሎ ግራም ብረት ቢሆኑና ሙቀቱን ሁሉ እነርሱ ቢሸከሙ፣ ወደ አየር የሚለቁት ባይኖር ኖሮ ሙቀታቸው ከ1,000 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። በተግባር ታምቡሩ በየደቂቃው ሙቀት ስለሚለቅ እዚያ አይደርስም፤ ሆኖም ሸራው መያዝ የሚያቅተውና የፍሬን ዘይቱ የሚፈላው ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ነው።

መፍትሔው በማርሹ ውስጥ ይገኛል። 20 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ 10 ሜጋጁሉ በአማካይ 5.5 ኪሎዋት ያህል ይሆናል። በዚሁ ፍጥነት በሁለተኛ ማርሽ ላይ የቮልስ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ነዳጅ ሳይሰጠው በዚህ መጠን የሚዞር 1,200 ሲ.ሲ. ሞተር 5 ኪሎዋት አካባቢ ሊውጥ ይችላል። በሦስተኛ ማርሽ ግን የሚውጠው ከዚህ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር በሁለተኛ ማርሽ የወረደ ሰው ፍሬኑን ለመጠምዘዣዎችና ለድንገተኛ ጉዳይ ያተርፈዋል፤ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ የወረደ ግን ብዙውን ሸክም ለታምቡሮቹ ይሰጣል። ፍሬን በሚያዝበት ጊዜም ጠበቅ አድርጎ ለአጭር ጊዜ መያዝና መልቀቅ፣ እግርን እንደ ጫኑ ከመውረድ የተሻለ ነው፤ ታምቡሩ በመካከሉ አየር ያገኛልና።

ከጉዞው በፊት አራቱም ታምቡሮች ተፈተው ሸራዎቹ፣ የጎማው ሲሊንደሮችና ጎሚኒዎቻቸው ይታያሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ ዕድሜው በገፋ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ቢያንስ 155 ዲግሪ እንዲቋቋም ይጠበቃል። የሁለቱ ልዩነት በዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ የተሠሩ አብዛኞቹ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ ላይ ቱቦ ቢፈነዳ የእግር ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። የተሰነጠቀ የፍሬን ቱቦ «ገና ይሠራል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የእጅ ፍሬኑም ለብቻው መያዙ ይረጋገጣል።

ጎማም በዚሁ ክፍል ውስጥ ይመደባል። ብዙ የማይነዱ መኪኖች ጎማቸው ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ ከሚታተሙት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ስኮርታውም እንደ ሌሎቹ ይመረመራል፤ ክሪኩ መሥራቱም ቤት ውስጥ ይሞከራል።

ዳገቱና ሞተሩ

ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት በአማካይ 7 በመቶ ተዳፋት ነው። ያችው ቮልስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 10 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋታል። የ1,200 ሲ.ሲ. ሞተር ጉልበት በባሕር ወለል 34 የፈረስ ጉልበት ወይም 25 ኪሎዋት ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ 19 ኪሎዋት ገደማ ይቀረዋል። ይህም የሚገኘው ሞተሩ በቂ ዙር ሲኖረው ብቻ ነው። የቮልስ ማቀዝቀዣ ፋን በቺንጋ አማካይነት ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ በዞረ ቁጥር የሚነፍሰውም አየር ይቀንሳል። በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ጥቂት አየር ያገኛል፤ በሁለተኛ ማርሽ በቀላሉ የሚዞረው ግን ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ቺንጋው ከሁሉ ቀድሞ ይታያል። የዲናሞ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ምልክቱ የባትሪ ብቻ አይደለም፤ ያው ቺንጋ ፋኑንም ስለሚያዞር ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ መቆም ያስፈልጋል። ትርፍ ቺንጋና መቀየሪያ መፍቻው ከመኪናዋ አይለዩም። የሞተር ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ የሚጣራውም በወንፊት እንጂ በወረቀት ፊልትሮ አይደለም፤ በመሆኑም ከጉዞው በፊት ይቀየራል፣ ወንፊቱም ይታጠባል። የቫልቮላዎቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ይለካል፤ በአብዛኞቹ የኋለኞቹ ሞዴሎች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቮላ በሚገባ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ አይችልም፣ ይቃጠላል። በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርደው ሦስተኛው ሲሊንደር ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል።

ካርቡሬተሩን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ካርቡሬተሩ በትንሽ ዥግለር ይቀጠናል። ነገር ግን መኪናዋ ወደ 1,100 ሜትር ስትወርድ አየሩ ቢሞቅም ክብደቱ በ13 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ድብልቁ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀጥናል። ቀጭን ድብልቅ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። ለደጋ ተብሎ ከመጠን በላይ የተቀጠነ ሞተር እጅግ የሚሞቀው ዳገቱን በሚጀምርበት ቦታ ነው ማለት ነው። ለዚህ ጉዞ በመጠኑ የወፈረ ድብልቅ የሚያስከፍለው ትርፍ ቤንዚን ከሞተር ማደሻ ጋር አይወዳደርም።

የነዳጅ ቱቦዎቹ በሙቀት የደረቁ ከሆኑ ይቀየራሉ፤ ከሞተሩ አጠገብ የሚፈስ ቤንዚን የእሳት መነሻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ገንዳው 40 ሊትር ብቻ ስለሚይዝና መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ወይም 9 ሊትር ስለምትፈጅ፣ በአንድ ሙሌት እንጅባራ መድረስን ማሰብ አያዋጣም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ መሙላት ይገባል።

የአዊ ደጋና ብርዱ

ብዙ ተጓዦችን ወደ እንጅባራ ከሚጠሩት አጋጣሚዎች አንዱ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአዊ ፈረሰኞች በዓል ነው። ወቅቱ ደረቅ ስለሆነ ለመንገድ ይመቻል፤ የማለዳው ብርድ ግን ብርቱ ነው። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፣ ዘይትን ያወፍራል። ባለ 6 ቮልት ለሆኑት የቀደሙ ቮልሶች ይህ ይበልጥ ይሰማል፤ መብራታቸውም ደካማ ስለሆነ ጋሪ፣ ፈረስና ከብት በሚበዛበት የአዊ መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ መንዳት አይመከርም። ከጉዞው በፊት ፑንቲናው ይስተካከላል፣ ካንዴላዎቹ ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ፣ የባትሪው ክርና የመሬት መያዣው ዝገት ይፋቃል።

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የጋራዥ ባለሙያ አይታጣም፤ በየቀኑ የሚያልፉበት ግን አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ናቸው። የቮልስ ፑንቲና፣ የነዳጅ ፓምፕ ጎሚኒ ወይም የፍሪሲዮን ገመድ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቀድሞ ካልተያዘ እዚያ ማግኘት አጠራጣሪ ነው። ትርፍ ዕቃ የሚመረጠውም በዚህ መመዘኛ ነው፤ ትንሽ የሆነ፣ መንገድ ዳር ሊገጠም የሚችልና በአካባቢው የማይገኝ።

የሙከራው ጉዞ

የመሣሪያዎች አስተማማኝነት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ብልሽት በሁለት ወቅት ይበዛል፤ ዕቃው አዲስ በተገጠመ ሰሞንና ዕድሜው ባለቀ ጊዜ። የመነሻው ዋዜማ ላይ ሁሉን አዲስ የገጠመ ሰው አሮጌውን ስጋት በአዲስ ስጋት ለወጠ እንጂ አላስወገደውም። ስለዚህ ጥገናው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጠናቀቅና ጓዝ ተጭኖ እስከ ጫንጮ ደርሶ መመለስ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ይሞከራል። ወደ እንጦጦ ያለው አቀበት የሞተሩን፣ ወደ ከተማ የሚመልሰው ቁልቁለት የፍሬኑን ሁኔታ ያሳያል። ሲመለሱ አራቱ ታምቡሮች እጅ ሳይነካቸው በቅርበት ይታያሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ከጋለ ተጣብቋል፣ አንዱ ከቀዘቀዘ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ቫልቮላው እንደ ገና ይለካል፣ ዘይት መጉደሉ ይታያል፣ የተገጠሙ ብሎኖች ይጠብቃሉ።

ማጠቃለያ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚጠይቀው ዓመታዊ ምርመራ መኪናዋ በዕለቱ ለመንገድ ብቁ መሆኗን ይመሰክራል፤ ለግማሽ ሰዓት ቁልቁለትና ለግማሽ ሰዓት ዳገት መዘጋጀቷን ግን አያረጋግጥም። ያን የሚያረጋግጠው ባለቤቱ ነው። የመንገዱን ጸጥታ በየከተማው ካለ ሰው አጣርቶ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ ታምቡሮቹን አቀዝቅዞ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ መውረድ የጀመረ አሽከርካሪ ከዝግጅቱ አብዛኛውን ፈጽሟል። ደጀን ላይ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት እንዲዞር ቢተወው ፋኑ የዳገቱን ሙቀት ያወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ እንጅባራ የሚቀረው 215 ኪሎ ሜትር ያህል ለአሮጌዋ ቮልስ የለመደችው ዓይነት መንገድ ነው።