ጊታሩን ከመኝታ ቤት ማውጣት

የመጀመሪያውን የቤት ቅጂዬን የላክሁለት ጓደኛዬ ሳውንድ ማን ነው፤ ሙገሳ የማያበዛ ሰው። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የክላሲካል ጊታር ሥራ ነበር። እስከ መጨረሻው እንኳ ሳይሰማው ደወለ።

«ስማ፣ ሽንት ቤት ገብተህ ነው እንዴ የቀዳኸው?»

የቀዳሁት መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱን የጨመርኩት በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ «ሪቨርብ» የሚለውን የማሚቶ መጨመሪያ ቁልፍ ልቤ እስኪረካ እያዞርኩ ነው።

ስድቡ ታሪክ እንዳለው ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢል ፑትናም የተባለ የቺካጎ ሳውንድ ኢንጂነር ሃርሞኒካትስ የሚባሉ የሃርሞኒካ ተጫዋቾችን ሲቀዳ፣ ድምፃቸውን በስፒከር ወደ መታጠቢያ ቤት ልኮ፣ እዚያ ባቆመው ማይክ መልሶ ተቀበለና ከዋናው ጋር ቀላቀለው። ሙዚቃው አሜሪካን አዳረሰ። ማሚቶ ለውበት ብቻ ተብሎ በሰው እጅ ከተጨመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አንዱ ነው። ታዲያ የእሱ መታጠቢያ ቤት ሲያምር የእኔ ለምን አስጠላ? ፑትናም መታጠቢያ ቤቱን የደረበው በስቱዲዮ በተቀዳ ድምፅ ላይ ነው። እኔ ግን የደረብኩት መኝታ ቤት ላይ ነበር። መኝታ ቤቱ ገና ከቀረጻው አብሮ ገብቷል፤ ሪቨርቡም ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ጊታሩን ከነቤቱ ተሸክሞ ወደ አዳራሽ ሄደ።

ክፍሉ ርዝመቱ 3.5 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የቀረው ባዶ ግድግዳ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከጊታሩ ተነስቶ፣ ግድግዳ ገጭቶ፣ ማይኩ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጣራ እረኛ የገዛ ድምፁ ሲመለስ የሚሰማው ገደሉ ሩቅ ስለሆነ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ማሚቶው ከተጣሪው እግር እግር ሥር ነው። ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ በ1949 ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ ከ30 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተከትሎ የሚመጣን ድምፅ ጆሮ ለብቻው አይለየውም፤ ከዋናው ጋር አዋህዶ አንድ አድርጎ ይቀበለዋል።

ተዋሃደ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ከቀጥታው 1.2 ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ ከመጣ፣ 143 ሄርዝ ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ተጠፋፍተው ይዳከማሉ። ቀጥሎ 429 ላይ፣ ቀጥሎ 715 ላይ፣ እንዲህ እያለ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ድምፁን እየሸነቆረ ይወጣል። ሰሚው ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ «ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው» ይላል፣ አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ፤ እኔን ከብዙ ድካም ያወጣኝ እሱ ነው። ከመሣሪያው በቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ከክፍሉ የሚመለሰው ድምፅ እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ። የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ ተወስዶ ድምፅ ለመጥፋት በሚፈጅበት ሰከንድ ይካፈላል፣ የካሬ ሥሩ ወጥቶ በ0.057 ይባዛል። የእኔ ክፍል 27 ሜትር ኩብ ነው፤ ድምፁ 0.4 ሰከንድ ይቆያል ብንል ርቀቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔ ማይኩን ያቆምኩት አንድ ሜትር ላይ ነበር! ከጊታሩ ይልቅ ግድግዳውን ስቀዳ ነው የዋልኩት። 10,000 ሜትር ኩብ በሆነና ድምፅ 3 ሰከንድ በሚቆይበት ቤተ ክርስቲያን ግን ርቀቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። እንግሊዛዊው ጁሊያን ብሪም ብዙ አልበሞቹን ስቱዲዮ ትቶ በዊልትሸር በሚገኘው የዋርዱር ቤተ ጸሎት የቀዳው ያለ ነገር አይደለም። እዚያ ማይኩን ራቅ ማድረግ ይቻላል፤ ግድግዳውም የሚመልሰው ሊሰሙት የሚገባ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ወንበሬ ነበር። ለስሜቴ ደስ ስላለኝ መሀል ክፍል ተቀመጥኩ። ስድስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ጂ በነካሁ ቁጥር ቤቱ እንደ በርሜል ይጮኻል። ኢውም፣ ኤፉም፣ ኤፍ ሻርፑም ደህና ናቸው፤ ጂ ላይ ሲደርስ ዱም! መጀመሪያ ጊታሩን ጠረጠርኩ። በከፊልም አልተሳሳትኩም፤ የክላሲካል ጊታር ሳጥን ከነቀዳዳው ልክ አፉ ላይ እንደሚነፋ ጠርሙስ የራሱ ድምፅ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ሄርዝ። ያ ጂ 98 ሄርዝ ነው። ጉዱ ግን ክፍሉም እዚያው መሆኑ ነው። 98 ሄርዝ የሆነ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.5 ሜትር ነው፤ ልክ የክፍሌ ርዝመት። እንዲህ ያለ ሞገድ በሁለት ግድግዳ መካከል ሲቆም ግፊቱ የሚበረታው ሁለቱ ጫፎችና መሀሉ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከነወንበሬ ከነማይኬ መሀሉ ላይ!

ከርዝመቱ ሩብ ላይ፣ ከግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ያ ግፊት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ወንበሩንም ማይኩንም ወደዚያ ሳስጠጋ ጂው እንደ ጎረቤቶቹ ሆነ። አንድ እርምጃ ነው፤ ሳንቲም አይጠይቅም፤ የትኛውም ኢፌክት ይህን አይተካም። በኢኳላይዘር 98 ሄርዝን መቀነስ ይቻላል፣ ግን የሚቀነሰው ጉልበቱ ነው፤ ክፍሉ ኖታውን ይዞ ያቆየበት ጊዜ አይቀነስም። የደከመ በርሜል ያው በርሜል ነው።

ጋቢ ግድግዳ ላይ መስቀል ይረዳል ወይ? ለላይኛው ድምፅ፣ አዎ። ለጥፍር ኳታ፣ ለክር ጭረት። ለ98 ሄርዝ ግን አንድ ጋቢ እንደሌለ ነው፤ ያን የሚውጥ ነገር ውፍረቱ በሴንቲ ሜትሮች ሳይሆን ወደ ሜትር መጠጋት ነበረበት። የዚህ ሁሉ ሳይንስ አባት ራሱ በትራስ ነው የጀመረው። በ1895 ሃርቫርድ ዋላስ ሳባይን የተባለውን ወጣት የፊዚክስ መምህር አንድ የመማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ጠየቀው፤ መምህሩ የተናገረው ቃል 5.5 ሰከንድ እየቆየ ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቅ ነበር። ሳባይን ሌሊት ሌሊት ከሳንደርስ ቲያትር የወንበር ትራስ እያስጋዘ፣ በኦርጋን ቱቦ ድምፅ እያሰማና እስኪጠፋ እየለካ፣ ሊነጋ ሲል ትራሱን ወደ ቦታው ይመልስ ነበር። ከዚያ ሌሊት ሥራ የወጣው ቀመር ዛሬም አዳራሽ ሲሠራ ይሰላል፤ የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በ1900 ሲከፈት የእሱ እጅ ነበረበት።

ማይኩ ወዴት ያፍጥ? ብዙ ጀማሪ ቀዳዳው ላይ ይደቅነዋል፤ ድምፁ ከዚያ የሚወጣ ይመስላል። ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው ያ ጠርሙስ ነው። የቀረው የሚመጣው ከፊት ሰሌዳው ነው። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የዛሬውን የጊታር መልክ ያስያዘ የስፔን ጠራቢ ነው፤ በ1862 ጀርባውና ጎኑ የወረቀት ልቁጥ፣ ፊቱ ብቻ እንጨት የሆነ ጊታር ሠርቶ ነገሩን አሳይቷል። እኔ 40 ሴንቲ ሜትር ርቄ፣ አንገቱ ከሳጥኑ ወደሚገናኝበት 12ኛው ፍሬት አዞርኩት።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ ነው። የጊታር ዝቅተኛ ክር 82 ሄርዝ ነው፤ ክሩ ወደ ዲ ቢላላ እንኳ 73። ከ60 በታች ያለው ሁሉ የጊታር አይደለም፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ተረከዝ ነው፣ የመንገዱ ሲኖትራክ ነው። ይቆረጥ። ቀጥሎ ወደ 200 ሄርዝ አካባቢ፣ የፊት ሰሌዳው ራሱ የሚያስተጋባበት፣ ድምፁ ካበጠ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ዝቅ። ፕሮግራሞቹ ውስጥ «አኩስቲክ ጊታር» ተብለው ተዘጋጅተው የሚመጡት ቅንብሮች በአብዛኛው ለብረት ክር የታሰቡ ስለሆኑ ላይኛውን ድምፅ ያጎላሉ። የክላሲካል ጊታር ክር ናይለን ነው፤ በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አልበርት ኦገስቲን ለአንድሬስ ሴጎቪያ ከሠራለት ወዲህ የአንጀቱን ክር ተክቶ የገባ። ናይለን 10,000 ሄርዝ ላይ ብዙ የሚለው ነገር የለውም፤ እዚያ ብታጎሉ የምታጎሉት የማይኩን ሽሽታ ነው።

ኮምፕረሰርን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ለዚህ ሙዚቃ ባልነካው እመርጣለሁ። ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጎ ሁሉን ወደ ላይ ሲያነሳ ትንፋሼም፣ የወንበሩ ሲጥሲጥታም አብረው ይነሳሉ። አንድ ኖታ ካፈነገጠ ቮልዩሙን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ በእጅ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ሪቨርቡ ላይ ግን እንቆይ፤ አዳራሹ ያለው እዚያ ነው። ከፑትናም መታጠቢያ ቤት በኋላ፣ በ1957፣ ኢኤምቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ስስ የብረት ላሜራ አንጠልጥሎ በማንዘር ማሚቶ ሠራ፤ ከነሳጥኑ 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቤል ላብራቶሪው ማንፍሬድ ሽሮደር ማሚቶን በሒሳብ ሠራው። ጆሮ ተንጠባጣቢ ሳይሆን ለስላሳ ማሚቶ እንዲሰማ በሰከንድ 1,000 ያህል ምላሽ ማስፈለጉን የጻፈው እሱ ነው። ዛሬ በነፃ ከምናወርደው ሪቨርብ ብዙው የዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

የእኔ የሽንት ቤት ችግር ግማሹ የመነሻ መዘግየቱ ነበር። ዜሮ ላይ ትቼው ነበር። ማሚቶው ከክሩ እኩል ሲነሳ ጆሮ «ግድግዳው አፍንጫህ ላይ ነው» ብሎ ይፈርዳል። 25 ሚሊሰከንድ ሰጠሁት፤ ድምፅ በዚያ ጊዜ ስምንት ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ግድግዳው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጊታሩ ፊት ቀረ። ርዝመቱን ከአራት ሰከንድ ወደ 1.8 አወረድኩት። ያኔ ደግሞ ሌላ ጉድ ተሰማኝ። እጄ ከሁለተኛው ወደ ሰባተኛው ፍሬት ሲሻገር የባሱ ክር ላይ የተጠመጠመው ሽቦ «ጢዝ» ይላል። በደረቁ ቅጂ ላይ ቅጽበት ናት፤ አዳራሽ ውስጥ ገብታ ግን ሁለት ሰከንድ ያህል ታስተጋባለች። መፍትሔው ሪቨርቡን ለብቻው ትራክ ላይ አድርጎ፣ ወደ እሱ የሚሄደውን ድምፅ ከ5,000 ሄርዝ በላይና ከ200 በታች መቁረጥ ነው። ጊታሩ ጢዝታውን ይይዛል፣ አዳራሹ አይሰማትም። በእውነተኛ ትልቅ ቤትም አየሩና ግድግዳው ቀድሞ የሚውጠው የላይኛውን ድምፅ ስለሆነ ጆሮ ይህን ያምናል።

መጠኑን ስትፈርዱ ግን ተጠንቀቁ። ሪቨርብ ሲከፈት ጠቅላላው ድምፅ በትንሹ ይጎላል፤ የጎላ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ከሁሉ በፊት ባሱን ነው የሚያጣው። ስለዚህ ኢፌክቱን እያጠፋችሁ እየከፈታችሁ ስታወዳድሩ ሁለቱን በጉልበት እኩል አድርጉ። እኔ እንዲህ ሳደርግ ከሪቨርቤ ሁለት ሦስተኛው ያለ ሥራ የተቀመጠ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛውን ቅጂ ያደረግኩት መብራት በጠፋበት ማታ ነው፤ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ማይኩ ከላፕቶፑ። ለቤት ቀጂ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ ሙዚቃ ቤቱም፣ ብየዳ ቤቱም፣ ፍሪጁም ጸጥ ይላሉ። አራተኛው ሙከራ ተሳካ። የመጨረሻዋን ጂ ነክቼ፣ እጄን አንስቼ፣ እስክትጠፋ እየጠበቅሁ ሳለ መብራት መጣ። ፍሪጁ ተነሳ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፤ ሞተሩ የሚያጉረመርመው በእጥፉ፣ በ100። የእኔ ክር 98። ሁለቱ ሲገናኙ ድምፁ በሰከንድ ሁለቴ እያበጠ እየሟሸሸ ይሄዳል። ለመድገም አቅም አልነበረኝም፤ እንዳለ ሚክስ አድርጌ ላክሁት።

ጓደኛዬ በዚህኛው እስከ መጨረሻው ሰማ። «አሁን ከቤት ወጥተሃል» አለኝ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ «መጨረሻው ላይ ያቺን ትሬሞሎ ግን በየትኛው ኢፌክት ነው ያመጣሃት?»