“መቼ?” ብለን እንጠይቅ
በእንግሊዝኛ ያለፈውን ካላለፈው ስለ መለየት



አንድ ወንድማችን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረበ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ ሥራ ልምዱ ሲጠየቅ “አይ ዎርክድ ኢን ኤ ፋርማሲ ፎር ፋይቭ ይርስ” አለ። ሊል የፈለገው “በመድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ” ነበር። ጠያቂዎቹ የሰሙት ግን “አምስት ዓመት ሠርቼ ለቀቅኩ” የሚል ነው። “ታዲያ ለምን ለቀቅክ?” ሲሉት ግራ ተጋባ። “ኧረ አልለቀቅኩም” ሲል ደግሞ ቃሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ መሰለ። ወንድማችን አልዋሸም። የጎደለችው “ሃቭ” የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል ነበረች።

ልጆቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ፕረዘንት ፐርፌክትና ሲምፕል ፓስት የሚባሉትን ሁለት የግስ ዓይነቶች ለፈተና ሸምድደው ከፈተና በኋላ የሚረሱት ብዙዎች ናቸው። በዚህ ወር ይህንን ጉዳይ ከቤታችንና ከዲናችን ኑሮ በተወሰዱ ምሳሌዎች ልናየው ወደናል።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

ብዙዎቻችን “በቅርቡ የሆነው በፐርፌክት፣ የቆየው በፓስት ይነገራል” ብለን እናስባለን። ይህ ስህተት ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሆነ ነገር በፓስት፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተጀመረ ደግሞ በፐርፌክት ሊነገር ይችላል። ቁም ነገሩ የጊዜው ርቀት ሳይሆን በሩ መዘጋቱ ወይም አለመዘጋቱ ነው።

ረመዳንን እንውሰድ። በወሩ ውስጥ ሆና ቁርኣንን ሁለት ጊዜ ያኸተመች እህት “አይ ሃቭ ፊኒሽድ ዘ ቁርኣን ትዋይስ ዚስ ረመዳን” ትላለች። ወሩ አላለቀምና ሦስተኛ ልትደግም ትችላለች፤ በሩ ክፍት ነው። ዒድ ካለፈ በኋላ ግን “አይ ፊኒሽድ ዘ ቁርኣን ትዋይስ ኢን ረመዳን” ማለት አለባት። ሥራዋ ያው ነው፤ የተለወጠው የወሩ በር መዘጋቱ ብቻ ነው።

አማርኛችን የሚያሳስተን የት ነው?

በአማርኛ “አጎቴ ትናንት መጥቷል” ብንል የሚያርመን የለም። እንግሊዝኛ ግን “ትናንት” የሚለውን ቃል ከ“ሃዝ” ጋር አያስቀምጥም። “ማይ አንክል ኬም የስተርደይ” ነው የሚባለው። “ትናንት” ከወጣ ግን “ማይ አንክል ሃዝ ካም” ማለት ይቻላል፤ አጎታችን አሁን ቤታችን አሉ ማለት ነው።

በተቃራኒውም እንሳሳታለን። ልጆች በመድረሳ በር ላይ ሆነው “ኡስታዝ መጡ!” ብለው ሲጮኹ ግሱ ያለፈ ቢመስልም ወሬው የአሁን ነው። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ “ሃዝ ካም” ይላል። ስለዚህ ከአማርኛው ግስ ቀጥታ መገልበጥ አያዋጣም። ይልቅስ “መቼ?” ብለን እንጠይቅ። ትናንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ባለፈው ዓመት የሚል የተዘጋ ጊዜ ከተጠቀሰ ወይም በልባችን ካለ ፓስት ነው። ጊዜው ካልተጠቀሰና ነገሩ ዛሬን የሚነካ ከሆነ ፐርፌክት ነው።

ሁለት ትንንሽ ቃላትንም እንለይ። “ፎር” የጊዜውን ርዝመት፣ “ሲንስ” መነሻውን ያመለክታሉ። “ፎር ፋይቭ ይርስ” ለአምስት ዓመት፣ “ሲንስ ፍራይደይ” ከዓርብ ጀምሮ ማለት ነው። እስካሁን ለቀጠለ ነገር ሁለቱም ከ“ሃቭ” ጋር ይሄዳሉ። “ፎር” ግን ከፓስት ጋርም ይገባል፤ ያን ጊዜ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ወንድማችንን የጎዳው ይኸው ነው።

ትርጉም የሚያዛቡ ሁለት ቦታዎች

አንደኛው “ጎን” እና “ቢን” ናቸው። “ማይ ፋዘር ሃዝ ጎን ቱ መካ” ካልን አባታችን ሄደዋል፣ ገና አልተመለሱም። “ሃዝ ቢን ቱ መካ” ካልን ግን ሄደው ተመልሰዋል። በስልክ የጠየቀን ሰው በአንዲቱ ቃል ምክንያት ቤት የሌሉትን ሰው ሊጠብቅ ይችላል።

ሁለተኛው ስለ ሟች ስንናገር ነው። “ማይ ግራንድፋዘር ሃዝ ቢን ቱ መካ ትዋይስ” ስንል ሰሚው አያታችን በሕይወት እንዳሉ ይረዳል። ወደ አኼራ የሄዱ ከሆነ “ዌንት ቱ መካ ትዋይስ” ነው የሚባለው። አላህ ይማራቸው።

ነሕው ለቀሩ ደረሶች

ዐረብኛ ነሕው የቀሩ ወጣቶች አንድ የሚረዳቸው ነገር አላቸው። በኢቃማ “ቀድ ቃመቲስ ሶላት” ሲባል “ቀድ” ከማዲ ግስ ፊት ገብታ ነገሩን ወደ አሁን እንደምታቀርብ ያውቃሉ። ይህን ስንሰማ “ሶላት ቆሟል” ብለን ለሰፍ እንነሳለን እንጂ “ድሮ ሶላት ነበረ” ብለን አንቀመጥም። “ሃቭ”ም በብዙ ቦታ እንዲሁ ያለፈውን ሥራ ወደ ዛሬ ታስጠጋለች። ሁለቱ በሁሉም ነገር አንድ ናቸው ማለታችን ግን አይደለም።

በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን “ዲድ ዩ ኢት የት?” ሲሉ ብንሰማም ተሳሳቱ አንበል። በአሜሪካ ንግግር የተለመደ ነው። ተማሪዎች በፈተና ሲጽፉ ግን “ሃቭ ዩ ኢትን የት?” የሚለውን ቢይዙ ይመረጣል።

ወላጆች ሆይ! ይህን ለማስለመድ መምህር መቅጠር የግድ አይደለም። ማታ ከዒሻ በኋላ ልጆቻችሁን ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ ትናንት ምን ሠራችሁ? በዚህ ሳምንትስ እስካሁን ምን ሠርታችኋል? የመጀመሪያውን በፓስት፣ ሁለተኛውን በፐርፌክት ይመልሱ። ከቁርኣን ስንት ገጽ እንደሐፈዙ በዚያው ይነግሯችኋል።

በሱረቱል አሕዛብ ቁጥር 70 አማኞች ቀጥተኛ ንግግር እንዲናገሩ ታዘናል። ልባችን እውነት ይዞ ቃላችን ሌላ እንዳይናገር መማር፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ የዚሁ አካል ነው ብለን እናምናለን። ያ ወንድማችንም ዛሬ ከመናገሩ በፊት “መቼ?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።