ጀልባ ላይ ስንወጣ ምን እናድርግ?



እኛ ድሬዎች ውሃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ደቻቱ ነው። በጋውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደንገጎን ወጥተን ስንሄድ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ አለ። ደርቆ የነበረው ውሃ ስለተመለሰ ሰዎች በጀልባ ይዝናኑበታል። እኔም ከቤተሰብ ጋር ሄጄ ፎቶ ልነሳ ብዬ ጀልባው ላይ ብድግ አልኩ። ጀልባው ወደ ጎን ዘንበል ሲል ልቤ ቀጥ አለ። ቀዛፊው «ቁጭ በል አንተ ልጅ!» ብለው ጮሁብኝ። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስታውስ።

1. ላይፍ ጃኬት ሳንሳፈር፣ ገና መሬት ላይ እያለን እንልበስ። ውስጡ ያለው ፎም ቀላል ስለሆነ ሰውን ያንሳፍፋል። ማሰሪያውን ካሰርን በኋላ ጓደኛችን ትከሻው ጋ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችን ጋ ከደረሰ ሰፍቶናል ማለት ነው፤ በልካችን ይቀየርልን። የለም ከተባልን አንሳፈር። ዋና የሚችልም ይልበስ፤ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወድቁ ትንፋሽ ይቆራረጣል።

2. ቁጭ እንበል። ባጃጅ ኩርባ ላይ ሁላችንም ወደ አንድ ጎን ስንደገፍ እንዴት እንደሚያጋድል ታውቃላችሁ አይደል? ጀልባም እንደዚያው ነው። ስንቆም ደግሞ ክብደታችን ወደ ላይ ስለሚሆን በቀላሉ ይገለበጣል። ትርፍ ሰው ከተጫነም እንውረድ።

3. ሰማዩን እንይ። ደመናው ከጠቆረ፣ ነፋስ ከተነሳ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ቶሎ ወደ ዳር እንመለስ።

4. ጀልባው ቢገለበጥ እሱኑ ይዘን እንጩህ። ብዙ ጊዜ ተገልብጦም ይንሳፈፋል። ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ሩቅ ስለሆነ ጀልባውን ትተን አንሂድ።

5. ሌላ ልጅ ቢወድቅ ዘለን አንግባ። የሚሰምጥ ሰው ስለሚደነግጥ ያገኘውን አንቆ ይይዛል፤ ሁለታችንም እንሰምጣለን። ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን እንወርውርለት፣ ረጅም እንጨት እናቀብለው፣ ትልቅ ሰው እንጥራ።

አቦ፣ መዝናናት ጥሩ ነው፤ በሰላም ቤት መመለስ ግን ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል! ይህን ጽሑፍ ለታናናሾቻችሁም አንብቡላቸው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።