ያማሃ ኤፍጄአር 1300 ዛሬም ከአዲሶቹ ጋር ይሄዳል?

የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ በ2025 ያወጣው ትልቁ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል፣ አር 1300 አርቲ፣ 145 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 281 ኪሎ ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 በ2013 ታድሶ ሲወጣ 146 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ነዳጁንና ዘይቱን ሞልቶ 289 ኪሎ ይመዝናል። የኤፍጄአር ሞተር ደግሞ በ2013 የተፈጠረ አይደለም፤ በመሠረቱ በ2001 ለገበያ የቀረበው ያው ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው «ታዲያ መሐንዲሶቹ ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» ቢል አይፈረድበትም። ሲሠሩ ከርመዋል። የሠሩት ግን ገዢ ቀድሞ በሚጠይቀው በጉልበቱ በኩል አይደለም።

አገር ቤት «ሞተር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ዕቃ አድራሹ ወይም የባለሥልጣን መኪና የሚያጅበው ፖሊስ ነው። ኤፍጄአር የሚመደብበት ወገን፣ ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው፣ ለሁለቱም ታስቦ የተፈጠረ አይደለም። (የጃፓን ትራፊክ ፖሊሶች ኤፍጄአርን ይነዱታል፤ ያ ግን በኋላ የተጨመረለት ሥራ ነው።) ሐሳቡ የአውሮፓ ነው፤ ጠዋት ከሙኒክ ተነስቶ በፈጣኑ አውራ ጎዳና ሳይደክሙ መገስገስ፣ ከሰዓት በኋላ የአልፕስን ጠመዝማዛ ዳገት እንደ እሽቅድምድም ሞተር እየተጋደሙ መውጣት፣ ማታ ከጎን ሻንጣ ንጹሕ ሸሚዝ አውጥቶ ራት መቅረብ። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ በ1976 የወጣው የቢኤምደብልዩ አር 100 አርኤስ ነው። በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ የተቀረጸ ሙሉ ሽፋን ለብሶ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ነጂው ከነፋስ ጋር ሲታገል መዋሉ ቀረለት።

ጃፓኖቹ ተከተሉ። ያማሃ በ1984 ኤፍጄ 1100ን፣ ካዋሳኪ በ1986 ጂቲአር 1000ን፣ ሆንዳ በ1990 ኤስቲ 1100ን አወጡ። የያማሃው ፈጣን ነበር፤ ኋላ ጎማውን የሚያዞረው ግን ካቴና ነው። የሆንዳው እንደ መኪና በብረት ዘንግ ይነዳል፤ ግን ከበድ ይላል፣ ጠባዩም ከስፖርቱ ይልቅ ወደ ጉዞው ያደላል። ኤፍጄአር የሁለቱን መልካም ጎን ይዤ መጣሁ ብሎ በ2001 አውሮፓ ገባ። አሜሪካ የደረሰው በ2003 ሞዴል ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ዓመት ቀብድ አስይዞ ላዘዘ ገዢ።

ሞተሩ አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 16 ቫልቭ፣ 1,298 ሲሲ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም። የዛሬ የእሽቅድምድም ሞተሮች ከ1,000 ሲሲ 200 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ፤ ለዚያም ከ13,000 ዙር በላይ መጮኽ አለባቸው። ኤፍጄአር ከበለጠ ይዘት ያነሰ ጉልበት የሚያወጣው ተሳስቶ አይደለም። ከፍተኛውን ጉልበት በ8,000 ዙር፣ ጎማውን የሚጠመዝዘውን ኃይል (መካኒኮች ቶርክ የሚሉትን) 138 ኒውተን ሜትር ደግሞ በ7,000 ዙር ይሰጣል፤ ከዚህም አብዛኛው ከ3,000 ዙር ጀምሮ እጅ ላይ ነው። አምስተኛ ማርሽ አስገብተው በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄዱ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ለማለፍ ማርሽ መቀነስ አያስፈልግም፤ ነዳጅ መስጠት ብቻ ይበቃል። አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ሲደረደር የሚፈጥረውን ጥቃቅን ንዝረት የሚያጠፉ ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎች ውስጡ አሉ። ያልተጨነቀ ሞተር ደግሞ ይቆያል፦ ያማሃ የቫልቭ ክፍተት እንዲለካ የሚያዘው በየ42,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ብዙዎቹ ከዚያ በግማሽ ይጠሩ ነበር።

ኃይል ማስተላለፊያው ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የዚህ ሞተር ሳይክል ግማሽ ክብር እዚያ ነውና። ካቴና ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከሞተሩ የሚወስደውም ጉልበት ጥቂት ነው። ግን በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ መታየት፣ መጽዳት፣ መቀባት አለበት፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። በቀን 800 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ማታ ሆቴል ሲደርስ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ ተንበርክኮ ካቴና ይቀባል ማለት ነው። በኤፍጄአር ግን ዘንጉ ተሸፍኖ ከካምቢዮው እስከ ኋላ ጎማ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ያለው የማርሽ ቤት የሚጠጣው ዘይት 0.2 ሊትር ብቻ ነው፤ እሱን በየጊዜው መለወጥ ነው ሥራው ሁሉ። ላዩ ላይ 25 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ታንክ አለ፤ በለዘበ አነዳድ አንድ ሙሌት ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። በአሜሪካ በ24 ሰዓት 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመጨረስ የሚወጡ ነጂዎች አሉ፤ «አይረን በት» የሚባለው ማኅበራቸው ላሳካው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ኤፍጄአር ስሙ ትልቅ ነው።

ነቀፌታው የት ላይ ነው? የመጀመሪያዎቹ የሞተሩን ሙቀት በነጂው እግር ላይ ይለቁ ነበር፤ በበጋ መብራት ላይ ቆሞ መጠበቅ ቅጣት ነው። በ2006 ሽፋኑ ተቀይሮ ሙቀቱ እንዲሸሽ ሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም ለሁሉም መደበኛ ሆነ። በ2013 ነዳጅ መስጫው በኤሌክትሮኒክስ ሲታዘዝ ክሩዝ ኮንትሮልና የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያ አብረው መጡ። ካምቢዮው አምስት ማርሽ ብቻ ስለነበረው ባለቤቶቹ አውራ ጎዳና ላይ በወጡ ቁጥር ስድስተኛውን በግራ እግራቸው ይፈልጉ ነበር። ያማሃ ሰምቶ እስኪመልስ 15 ዓመት ፈጀበት፤ በ2016 ስድስተኛው ማርሽ፣ ለእጅ የሚቀልል ፍሪሲዮንና የኤልኢዲ መብራት መጣ። ክብደቱ ግን ከዚያ በኋላም ያው ነው። 289 ኪሎ ሲሄድ አይታወቅም፤ ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አድርጎ ያቆመ ሰው ወደ ኋላ ሲገፋው ያውቀዋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የምቾት ጉዳይ ነው። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚታየው ኩርባ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ነው።

ቢኤምደብልዩ በ1988 በኬ 100 ላይ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ኤቢኤስ ካስገባ ወዲህ፣ ለ25 ዓመት ያህል ሥርዓቱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት። ጎማ በድንገት መዞር ሲያቆም ፍሬኑን ለቅጽበት ላላ ያደርጋል፣ ይይዛል፣ መልሶ ያላላል። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሞተር ይህ ሕይወት አድን ነው። ሞተር ሳይክል ግን የሚታጠፈው ተጋድሞ ነው። የጎማ መንገድን የመያዝ አቅም እንደ ደመወዝ ነው፤ ለኩርባው ያወጡት ለፍሬን አይተርፍም። ተጋድሞ እያለ አጋዘን ዘልሎ ከፊቱ የገባበት ነጂ እጁ ሳያስበው ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ይጨብጣል። የድሮው ኤቢኤስ መጋደሙን አያውቅም፤ ጎማው መቆለፍ መጀመሩን ሲያይ ብቻ ይነቃል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የፊት ጎማ ወደ ጎን መንሸራተት ጀምሯል። ባይንሸራተት እንኳ ፍሬኑ ሞተሩን ቀጥ ብሎ እንዲነሳ ያስገድደዋል፤ ቀጥ ያለ ሞተር ደግሞ ኩርባውን ትቶ ወደ ማዶ መስመር ይሄዳል።

የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ በ2013 መፍትሔ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የገጠመው የኬቲኤም 1190 አድቬንቸር ላይ ነው። ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደተጋደመ፣ አፍንጫው እንደደፋ ወይም እንደቀና፣ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚለካ ትንሽ ሳጥን ነው። ነጂው ፍሬኑን ቢጨብጥም ሥርዓቱ «አሁን 35 ዲግሪ ተጋድመሃል፣ ለፍሬን የተረፈው ይህን ያህል ነው» ብሎ ግፊቱን ቀስ እያለ ይገነባል። ዛሬ በዚህ ወገን የሚሸጥ ውድ ሞተር ከሞላ ጎደል ሁሉ ይህን ይዟል። ኤፍጄአር ግን እስከ መጨረሻው ዓመቱ በኩርባ ውስጥ የሚያስብ ኤቢኤስ አልነበረውም። እኔ የአዲሱን ዋጋ ይገባዋል የምለው በዚህ አንድ ነገር ነው፤ የተቀረው ጌጥ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ጌጡም ቀላል አይደለም። ዱካቲ በ2021 ሞዴል ለሙልቲስትራዳ ቪ4 ከፊትም ከኋላም ራዳር ገጠመለት፤ ከፊት ያለው መኪና ሲቀንስ አብሮ የሚቀንስ ክሩዝ ኮንትሮል በሁለት ጎማ ላይ መጣ። ያማሃ ራሱ በ2023 ትሬሰር 9 ጂቲ ፕላስ ላይ ራዳሩን ከፍሬኑ ጋር አስተሳሰረ፤ ነጂው ፍሬን ይዞ ካልበቃ ይጨምርለታል፣ ነጂው ሳይነካ ግን አይዝም። ያ ሞተር ሦስት ሲሊንደር፣ 890 ሲሲ፣ 119 የፈረስ ጉልበት፣ 223 ኪሎ ነው። ከኤፍጄአር 66 ኪሎ ይቀልላል፤ የአንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ ክብደት መሆኑ ነው። ጠባብ ኩርባ ላይ አሮጌው ሊከተለው አይችልም። ግን ትሬሰር የሚነዳው በካቴና ነው፣ ታንኩም 19 ሊትር ነው፤ ሚስትን ወይም ባልን ከኋላ፣ ሻንጣ ከግራና ቀኝ ጭኖ ነፋስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለመሄድ ኤፍጄአር ዛሬም ይሻላል።

አንድ የማያስደስት ጥርጣሬ አለኝ። ኤፍጄአር በ20 ዓመቱ የሚነዳው፣ የሚበላሽበት ነገር በአብዛኛው ብረትና ጎማ ስለሆነ ነው፤ ብረት የማንም ወርክሾፕ ይጠግነዋል። የዛሬዎቹ ግን ሰፊ የቀለም ስክሪን፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚጠነክር አሞርዛተር፣ ራዳርና በስልክ የሚታደስ ፕሮግራም ይዘዋል። በ2045 የዚያ ስክሪን መለዋወጫ ከየት ይመጣል? በአሮጌነቱ የሚነዳ የመጨረሻው ትውልድ ኤፍጄአርና ጓደኞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ያማሃ ኤፍጄአርን በአውሮፓ መሸጥ ያቆመው በ2020 መጨረሻ ነው። ምክንያቱ ሞተሩ መድከሙ ሳይሆን ዩሮ 5 የተባለው የጭስ ሕግ ነው፤ የ2001 ሞተር ያንን እንዲያሟላ ማድረግ ዋጋው ከገበያው በለጠ። ገበያውም ቀድሞ ከድቷል። ገዢዎች ረጃጅሞቹን፣ አሸዋና ጠጠር ይወጣሉ የሚባሉትን አድቬንቸር ሞተሮች ይዘዋል፤ አብዛኞቹ አስፋልት ለቀው ባይወጡም።

እንግዲህ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ለሚወጣ ሰው ምን ልበል? ያ መንገድ ከቨርጂኒያ እስከ ሰሜን ካሮላይና 755 ኪሎ ሜትር በተራራ ጫፍ ይሄዳል፤ የፍጥነት ገደቡ 45 ማይል፣ ወደ 72 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ 146ም ሆነ 119 የፈረስ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሥራ አያገኝም። የሚፈለገው ጥሩ ፍሬን፣ ጥሩ ጎማና የማይደክም ወገብ ነው። ለጀማሪ፣ ወይም በዝናብና በቅጠል ወቅት ለሚነዳ፣ በኩርባ የሚያስበውን ኤቢኤስ የያዘ አዲስ ሞተር እመርጥለታለሁ፤ አነስተኛም ቢሆን። ልምድ ላለው፣ ረጅም ለሚሄድ፣ ዕዳ ለማይወድ ሰው ግን የ2013ና ከዚያ ወዲህ ያለው ኤፍጄአር ምንም አያሳፍረውም፤ ገንዘቡ ከደረሰ ደግሞ ስድስት ማርሹ።

ሲገዛ ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ ሌላ ነገር ይታይ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1419 ማለት የ2019 14ኛ ሳምንት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያ ጎማ አርጅቷል። ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ሲነሳ ከሞተሩ በኩል መንኳኳት ከተሰማ የቫልቮቹ ካቴና መወጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሳይሰበር ይለወጣል፣ ከተሰበረ ግን ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ከ2006 ጀምሮ በተሠሩት በጥቂት ዓመታት ሞዴሎች ውስጥ የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦዎች የሚገናኙበት ሶኬት ይዝጋል፤ መብራቱ ወይም ሞተሩ ያለ ምክንያት ሲጠፋ መጀመሪያ እሱ ይፈተሽ። ከኋላ አሞርዛተሩ ሥር ያሉት ኩሽኔታዎች ግራሶ አይተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። የመጨረሻው፣ የ42,000ው የቫልቭ ልኬት ደረሰኝ ይጠየቅ። ሻጩ «ይህ ሞተር አያስፈልገውም» ካለ፣ የልኬቱ ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነስ።